ሞተሩ ያጓራል፣ አምፔሩ አይነሳም፦ ጭነት የማይወስድ አሮጌ የዲዝል ሎኮሞቲቭ

ጥያቄ፦ «በበጎ ፈቃደኞች በሚንቀሳቀስ የባቡር ሙዚየም ውስጥ አንድ ጂፒ9 ሎኮሞቲቭ አለን። ሞተሩ ባለ 16 ሲሊንደር 567ሲ ነው። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ነበር። አሁን ደህና ይነሳል፣ ሚኒሞ ላይም ጥሩ ይሠራል። ችግሩ ሲጎትት ነው። አንዳንዴ ሞተሩ እያጓራ አምፔር መቁጠሪያው ትንሽ ብቻ ይነሳል፣ ጭሱም ንጹሕ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የስሮትሉ የመጨረሻ በሆነው 8ኛው እርከን ላይ ይከብደዋል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል። አንድ የቀድሞ መካኒክ ‹ገቨርነሩ ደክሟል፣ ማስተካከያውን ትንሽ ክፈቱት› ብሎናል። ፍሬን ይዘን ስሮትሉን ከፍ በማድረግም ሞክረነዋል። የታደሰ ገቨርነር እንግዛ ወይስ ያለውን እናስተካክል?»

ሁለቱንም አታድርጉ። ገቨርነር፣ ማለትም የሞተሩን ዙር የሚጠብቀውን መሣሪያ፣ አሁን አትግዙ፣ ያለውንም አትንኩ። ፍሬን ይዛችሁ የምታደርጉትን ሙከራ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አቁሙ። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የገለጻችሁትን ምልክት በደንብ እንየው። ያያችሁት አንድ ድካም ሳይሆን ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ናቸው። ዙሩ ሳይወርድ፣ ጭሱ ንጹሕ ሆኖ አምፔሩ ዝቅ ካለ ሞተሩ ሥራ አልተሰጠውም ማለት ነው። ጉልበት አለው፣ የሚጠይቀው ግን የለም። ዙሩ ወርዶ ጥቁር ጭስ ከለቀቀ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል፣ ወይም አቅሙ ራሱ ቀንሷል። ሞተሩ ብቻ ቢሆን የደከመው፣ የምታዩት ሁለተኛውን ነበር። የጀነሬተሩ ፊልድ (መግነጢሱን የሚፈጥረው ጥቅልል) ብቻ ቢሆን የደከመው፣ የምታዩት የመጀመሪያውን ነበር። ሁለቱ እየተፈራረቁ ከመጡ ቀድሞ የሚጠረጠረው በመሀል ሆኖ የሚያመጣጥናቸው ክፍል ነው። እሱም ሎድ ሬጉሌተሩ ነው። ለዓመታት በቆመ ሎኮሞቲቭ ላይ ጥርጣሬው የበለጠ ይጠነክራል።

አሠራሩ ላይ ካልተግባባን የሚቀጥለው ምክር አይያዝም። ጂፒ9 ከ1954 ጀምሮ የተመረተ ዲዝል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነው። ሞተሩ ከመንኮራኩሩ ጋር በማርሽ አይገናኝም። ሞተሩ ዋናውን ጀነሬተር ያዞራል። ጀነሬተሩ ለ4 ትራክሽን ሞተሮች ኤሌክትሪክ ይሰጣል። መንኮራኩሩን የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። ጀነሬተሩ ለሞተሩ ምን ያህል እንደሚከብደው የሚወስነው በፊልድ ጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ፊልዱ ከሌለ ሞተሩ 8ኛው እርከን ላይም ቢሆን በባዶ ይዞራል። ፊልዱ ሲጠነክር ጀነሬተሩ ይከብዳል።

ገቨርነሩ ደግሞ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ዙሩን መጠበቅ ነው። ሞተሩ ሲከብደው የኢንጀክተሮቹን ራክ (የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ዘንግ) ገፍቶ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሲቀለው ይቀንሳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ለእያንዳንዱ እርከን የተወሰነ ዙርና የተወሰነ የነዳጅ መጠን ተመድቦለታል። ራኩ ከዚያ መጠን ካለፈ ገቨርነሩ ውስጥ ያለች ፓይለት ቫልቭ ዘይት ወደ ሎድ ሬጉሌተሩ ትልክና ፊልዱን ታስቀንሳለች። ካነሰ ታስጨምራለች። ሎድ ሬጉሌተሩ ራሱ በዘይት ግፊት የሚዞር ክንድ ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው። የሚሠራውም በራሱ በሞተሩ ዘይት ነው። እንግዲህ ይህ ክንድ መሀል ላይ ተጣብቆ ቢቀር ፊልዱ ከሥራው ጋር አብሮ አይለወጥም። በአንዱ ሁኔታ ያንሳል፣ አምፔሩ አይነሳም። በሌላው ይበዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል። እናንተ የጻፋችሁት ይህንኑ ነው።

የገቨርነሩን ማስተካከያ ብትከፍቱት ምን ይሆናል? ምናልባት ለአንድ ቀን የተሻለ ይመስላል። በኋላ እውነተኛው ብልሽት ሲገኝና ሲስተካከል ግን ሞተሩ ከተፈቀደለት በላይ ይጫናል። ያ ትርፍ ጭነት የሚከፈለው በጭስ ማውጫ ቫልቮችና በፒስተኖች ነው። በዚያ ላይ ማስተካከያው የት እንደነበር ስለማይታወቅ ወደ ቦታው የሚመልሰው የገቨርነር መሞከሪያ ያለው ወርክሾፕ ብቻ ነው። ለ60 ዓመት የተረፈን ሞተር በግምት መነካካት በጣም ያሳዝነኛል።

አምፔር መቁጠሪያውን ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል። በዚያ ዘመን ሎኮሞቲቮች ላይ ጋቢና ውስጥ ያለው መቁጠሪያ በአብዛኛው የሚያነበው የአንድ ትራክሽን ሞተርን መስመር ነው፣ የጀነሬተሩን ድምር አይደለም። ፍጥነት ሲጨምር አምፔር መውረዱም ጤናማ ነው። ትራክሽን ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ራሱ ተቃራኒ ቮልቴጅ ያመነጫል። ስለዚህ ያው ጉልበት በብዙ ቮልትና በትንሽ አምፔር ያልፋል። ደግሞም ሁለት ፉርጎ ብቻ አስከትሎ በአጭር መስመር ላይ የሚሮጥ ሎኮሞቲቭ ሙሉ ጭነት ሊያገኝ አይችልም። ገና ሳይጫን የመስመሩ የፍጥነት ወሰን ላይ ይደርሳል። «አምፔሩ አይነሳም» ካላችሁባቸው ቀናት አንዳንዶቹ ምንም ብልሽት ያልነበረባቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ፍሬኑ ሙከራ። ትራክሽን ሞተር ሳይዞር ብዙ አምፔር ሲያልፍበት፣ ኤሌክትሪኩ የሚገባው በዚያ ሰዓት ከካርቦን ብሩሾቹ ሥር በተገኙት ጥቂት የኮሙቴተር (ብሩሾቹ የሚነኩት የሚዞር ክፍል) ብረቶች በኩል ነው። እነሱ ብቻ ይግላሉ። ሌሎቹ ቀዝቃዛ ናቸው። ብረቶቹ ያብጣሉ፣ ከፍ ይላሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ብሩሹን ያዘልሉታል። ብልጭታ ይከተላል። 1ኛው እርከን ላይ ለጥቂት ሰከንድ ሎኮሞቲቩ መግፋቱን ለማየት ማድረግ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ ግን መመርመሪያ አይደለም፣ ማቃጠያ ነው። ከዚህ በፊት ከፍ ባለ እርከን ከሞከራችሁ የ4ቱንም ሞተሮች ኮሙቴተር መመልከቻ ከፍታችሁ ተመልከቱ። መልኩን የለወጠ ወይም ከጎረቤቶቹ ከፍ ያለ ብረት ካገኛችሁ ሎኮሞቲቩን ወደ መስመር አታውጡት።

ትክክለኛው መሞከሪያ ሎድ ቦክስ ነው። ትራክሽን ሞተሮቹ ከወረዳው ይወጣሉ። የጀነሬተሩ ኤሌክትሪክ ወደ ትልልቅ የሬዚስተር መደርደሪያ ወይም ወደ ጨው ውሃ ገንዳ ይሄዳል። ሎኮሞቲቩ ቆሞ፣ ሙሉ ጭነት ላይ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ደቂቃ ታዩታላችሁ። መሣሪያውን ከሌላ የጥገና ቦታ መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል። ለገቨርነር ያሰባችሁት ገንዘብ ቢወጣ በዚህ ላይ ይውጣ።

እዚያ ላይ 4 ነገር ትመዘግባላችሁ፦ የሞተሩን ዙር፣ የራኩን ቦታ፣ የሎድ ሬጉሌተሩን ክንድ ቦታ፣ ከዚያ የጀነሬተሩን ቮልትና አምፔር። በእያንዳንዱ እርከን፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ። ቮልትን በአምፔር ስታባዙ ዋት ይመጣል፤ 746 ዋት አንድ የፈረስ ጉልበት ነው። ጂፒ9 ለጉተታ የተመደበለት 1,750 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ ወደ 1,305 ኪሎዋት ይሆናል። ጀነሬተሩ ራሱ ጥቂት በመቶ ስለሚበላ፣ 8ኛው እርከን ላይ 1,200 ኪሎዋት ገደማ ካገኛችሁ ደህና ናችሁ። ለምሳሌ 600 ቮልት በ2,000 አምፔር። 600 ቮልት በ1,300 አምፔር ከሆነ ግን 780 ኪሎዋት ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ጉልበቱ መጉደሉን ይነግራችኋል። የት እንደጎደለ የሚነግሩት ሌሎቹ ሦስቱ ናቸው።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ዙሩ ትክክል፣ ራኩ ከተመደበው ያነሰ ነዳጅ ላይ፣ የሎድ ሬጉሌተሩ ክንድ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ገቨርነሩ «ጨምር» እያለ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ግን አይሰማም። ችግሩ ፊልዱ ላይ ነው። ዙሩ ትክክል፣ ራኩ ከተመደበው ያነሰ ነዳጅ ላይ፣ ክንዱ ግን ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ወይም መሀል ላይ ቆሞ የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ችግሩ ሎድ ሬጉሌተሩ ወይም እሱን የሚያዘው መስመር ነው። ዙሩ ወርዶ፣ ራኩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ክንዱ ወደ ዝቅተኛው እየሸሸ ከሆነ ሞተሩ በእርግጥ ደክሟል። ናፍጣና አየር ወደመፈተሽ እንሄዳለን። ዙሩም ዝቅ ብሎ፣ ራኩም ከተመደበው ያነሰ ነዳጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ገቨርነሩ ያን ዙር የታዘዘ አይመስለውም። ይህ ብዙ ጊዜ የሽቦ ጉዳይ ነው፣ የገቨርነር አይደለም።

በዚህ የመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ምንም ሳትፈቱ ዛሬውኑ ልትፈትሹት ትችላላችሁ። ጂፒ9 ላይ ሚኒሞና 1ኛው እርከን ሁለቱም 275 ዙር በደቂቃ ናቸው። ከዚያ በየእርከኑ 80 እየጨመረ 8ኛው ላይ 835 ይደርሳል። ገቨርነሩ አናት ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ የሚባሉ 4 ሶሌኖይዶች አሉ። ኤ 80 ዙር ይጨምራል፣ ሲ 160፣ ቢ 320፤ ዲ ከእነሱ ጋር ሲሠራ 160 ይቀንሳል። 2ኛው እርከን ኤ ብቻ ነው። 3ኛው ሲ ነው። 4ኛው ኤ እና ሲ። 5ኛው ቢ፣ ሲ እና ዲ። 6ኛው አራቱም። 7ኛው ቢ እና ሲ። 8ኛው ኤ፣ ቢ እና ሲ። ዲ ብቻውን ሲሠራ ሞተሩን ያጠፋል።

ስለዚህ የጀነሬተር ፊልድ ማብሪያውን አጥፍታችሁ፣ ሎኮሞቲቩ ቆሞ፣ ስሮትሉን ከ1 እስከ 8 አንድ በአንድ ክፈቱና ዙሩን በመለኪያ ጻፉ። በጆሮ አይሆንም። 8ኛው ላይ 835 ሳይሆን 515 ካገኛችሁ ቢ አልሠራም። 675 ከሆነ ዲ ተይዞ ቀርቷል ወይም ሲ አልሠራም። 755 ከሆነ ኤ የለም። 5ኛው ላይ 595 ሳይሆን 755 ከዘለለ ዲ አልገባም። የዚህ ሁሉ መነሻ ብዙ ጊዜ የቆሸሸ የስሮትል ኮንታክት፣ የላላ ሽቦ ወይም የተቃጠለ ሶሌኖይድ ነው። ገቨርነሩን አውርደው ከላኩ በኋላ ጥፋቱ አንዲት የኦክሳይድ ሽፋን እንደነበረ የተረዱ ብዙዎች ናቸው።

ዙሩ ካማረ ወደ ሎድ ሬጉሌተሩ ሂዱ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ፣ አይሶሌሽን ማብሪያው (ሞተሩን ከስሮትሉ ትእዛዝ የሚለየው) ተለይቶ፣ ሪቨርሰሩ (የአቅጣጫ መምረጫው) መሀል ላይ ሆኖ፣ የፊልድ ማብሪያው ጠፍቶ ክንዱን ተመልከቱ። በሽቦ ሥዕሉ መሠረት ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ላይ ጸጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። መሀል ላይ ካለ በራሱ ምልክት ነው። ገቨርነሩ ውስጥ ክንዱን በግድ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ የሚልክ ሌላ ሶሌኖይድ አለ። መንኮራኩር ሲንሸራተት ጭነት የሚቀንሰው እሱ ነው። ከዝቅተኛ ቮልቴጅ ተርሚናሉ ላይ ኤሌክትሪክ ስጡት፣ ከዚያ አቋርጡበት። ክንዱ ሁለቱንም ጊዜ ሳይንቀጠቀጥና ሳይቆራረጥ ከጫፍ ጫፍ መሄድ አለበት። በዝግታ የሚጎተት ከሆነ የዘይት መስመሩ ማጣሪያ ተደፍኗል ወይም ውስጡ በደረቀ ዘይት ተጣብቋል። ጭራሽ ካልሄደ መፍታት ግድ ነው። በደንብ እየሄደ ጭነት ላይ ብቻ የሚያመነታ ከሆነ ግን ገቨርነሩ ውስጥ ያለችው ፓይለት ቫልቭ ትጠረጠራለች። በእኔ ግምት የእናንተ ጉዳይ እዚህ አንቀጽ ውስጥ ያልቃል።

የሬዚስተሩን ፊትም አትዝለሉት። ክንዱ የሚንሸራተትባቸው የመዳብ ቁርጥራጮች ለዓመታት ሳይነኩ ሲቀሩ ይሻግታሉ። አንዱ ቁርጥራጭ ከተቃጠለ ወይም ከኋላው ያለው ሬዚስተር ከተበጠሰ፣ ክንዱ እዚያ ሲደርስ ፊልዱ ይጠፋል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ሞተሩ ሲያጓራና ሲረግብ ትሰማላችሁ። ሰዎች ይህንን «ገቨርነሩ እያደነ ነው»፣ ማለትም ዙሩን እያዋዠቀ ነው፣ ይሉታል። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ባትሪውን ለይታችሁ፣ ከጫፍ ጫፍ ያለውን ኦም በየቁርጥራጩ ለኩ። ሳይዘል ቀስ እያለ መለወጥ አለበት። ባለ መርፌ ቴስተር ከዲጂታሉ ይሻላል፣ ዝላዩ ለዓይን ይታያል።

ፊልዱ ላይ ያለው ሌላው ሥራ የትዕግሥት ነው። ረዳት ጀነሬተሩ 74 ቮልት መስጠቱን አረጋግጡ። ባትሪው ራሱ 64 ቮልት ነው። ረዳቱ ካልሠራ ሎኮሞቲቩ በባትሪ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ይደክማል። የባትሪ ፊልድና የሸንት ፊልድ ኮንታክተሮች 1ኛው እርከን ላይ መግባታቸውን፣ ጫፋቸውም ንጹሕ መሆኑን እዩ። በየኮንታክተሩና በሪቨርሰሩ ጎን ያሉት ትንንሽ ኢንተርሎክ ጣቶች በቆመ ሎኮሞቲቭ ላይ ዋነኞቹ ችግር ፈጣሪዎች ናቸው። ሌላ ጤነኛ ሎኮሞቲቭ ካላችሁ በ27 ፒን ገመድ አያይዟቸውና የታመመውን ከጤነኛው ጋቢና እዘዙት። በዚያ ትእዛዝ በደንብ ከጫነ፣ ጥፋቱ በራሱ የስሮትል መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ብቻውን ከሆነ ደግሞ በዚያው ሶኬት ላይ 6ኛው ፒን የጀነሬተር ፊልድ ነው፣ 16ኛው የሞተር ሥራ ትእዛዝ፣ 4ኛው ኔጌቲቭ። ስሮትሉ ሲከፈት 6 እና 4 መካከል 74 ቮልት ገደማ ካላገኛችሁ ትእዛዙ ገና ከጋቢና አልወጣም።

ግራውንድ ሪሌይን (ኤሌክትሪክ ወደ ሎኮሞቲቩ አካል ሲያፈስ የሚሠራውን መጠበቂያ) እና የፍሬን ማቋረጫ ማብሪያውን እንደ ምክንያት የሚጠቅሱ ሰዎች ይኖራሉ። እነሱ ሲሠሩ ጭነቱን ሙሉ በሙሉ ይቆርጣሉ እንጂ ግማሽ አያደርጉትም። ስለዚህ ከእናንተ ምልክት ጋር አይሄዱም። በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ጭነቱ ጠፍቶ የማይመለስ ከሆነ ግን ትራክሽን ሞተሮቹን ከሲሪስ ፓራለል ወደ ፓራለል የሚያዛውሩትን ኮንታክተሮች ጠርጥሩ።

አሁን ጥቁሩን ጭስ እንያዘው። ሎድ ሬጉሌተሩ ተስተካክሎም ዙሩ ከወረደ ሞተሩ የሚፈልገውን ነዳጅ ወይም አየር አላገኘም። ናፍጣውን በሁለቱ የመስታወት መመልከቻዎች ጀምሩ። ለሞተሩ ቅርብ የሆነው የመመለሻው ነው፤ ሙሉና ጥርት ያለ፣ አረፋ የሌለበት መሆን አለበት። አረፋ ካለ ከፓምፑ በፊት የሆነ ቦታ አየር ይስባል። ሁለተኛው ባዶ መሆን አለበት። እዚያ ናፍጣ ከታየ ፊልትሮው ተደፍኖ ግፊቱ በሌላ መንገድ እየተነፈሰ ነው። ለዓመታት በቆመ ታንክ ውስጥ ውሃና ዝቃጭ መኖሩ ስለማይቀር፣ ታንኩን ከሥሩ አፍስሱ፣ ፊልትሮዎቹን በሙሉ ቀይሩ፣ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ደግማችሁ ቀይሩ። ናፍጣ ሲያንስ ግን ጭሱ ብዙውን ጊዜ አይጠቁርም። ዙር ይወርዳል፣ ጭሱ ንጹሕ ይሆናል። የጠቆረ ጭስ ከናፍጣ እጥረት ይልቅ ወደ አየር ያመለክታል።

567 ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። አየር የሚገፋለት ብሎወር አለው። አየሩ የሚገባው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ነው፣ የሚወጣው በአናቱ ባሉ ቫልቮች ነው። እነዚያ ቀዳዳዎች በካርቦን ሲጠቡ ሞተሩ ቀስ በቀስ ትንፋሽ ያጣል። የአየር ፊልትሮዎቹን ቀይሩ። የኤር ቦክሱን መመልከቻዎች ከፍታችሁ በቀዳዳዎቹ በኩል የፒስተኑን ቀለበቶች እዩ። የሚያብረቀርቅና የሚነቃነቅ ቀለበት ጤነኛ ነው። የተሰበረ፣ የተጣበቀ ወይም የጠቆረ ከሆነ ያ ሲሊንደር የጥገና ተራውን ይጠብቃል። ኢንጀክተሮቹንም አንድ በአንድ ለአፍታ ነዳጅ እየነፈጋችሁ አድምጡ። የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮም አልሠራም ነበር። ከ16 ውስጥ ሁለቱ ቢሞቱ ሚኒሞ ላይ ላታውቁት ትችላላችሁ፣ ሙሉ ጭነት ላይ ግን የጎደለውን ሌሎቹ ይሸከሙታል፣ ጭሱም ከዚያ ይመጣል።

አንድ የሙዚየም ሎኮሞቲቮች ልማድ አለ። ለሰዓታት ሚኒሞ ላይ ይተዋሉ። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጁንም ዘይቱንም ጨርሶ አያቃጥልም። ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል። ድንገት 8ኛው እርከን ሲከፈት ያ ሁሉ ይነሳል፣ አንዳንዴም በእሳት። እንዲህ ያለ ጭስ በመካከለኛ ጭነት ላይ ቀስ ብሎ ከተሠራ በኋላ ይጠራል። ከጠራ ብልሽት አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያ ደቂቃዎችን ጭስ ለፍርድ አትጠቀሙበት።

ወደዚህ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ልትሰሙኝ የሚገባ ነገር አለ። የጀነሬተሩ ወረዳ ገዳይ ነው። ካቢኔው ውስጥ እጅ የሚገባው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የባትሪው ቢላ ማብሪያ ተላቅቆ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ነው። ቮልቴጅ ያለበትን ኮንታክተር በእንጨትም ቢሆን አትግፉ። ግራውንድ ሪሌይ ደጋግሞ ከወደቀ በጉልበት አትያዙት። ሞተሩን አጥፉ፣ ኢንሱሌሽኑን በሜገር ለኩ። የዚያን ዘመን የኮንታክተር እሳት ማጥፊያ ሣጥኖችና አንዳንድ የሽቦ ሽፋኖች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል በአየር ግፊት አትንፏቸው፣ በደረቅ ብሩሽም አትፈግፍጓቸው። ሞተሩ በሙቀት ወይም በክራንክ ኬዝ ግፊት ከቆመ ደግሞ ሽፋኖቹን ከ2 ሰዓት በፊት አትክፈቱ። የጋለ የዘይት ጉም አየር ሲያገኝ ይፈነዳል።

ይህን የምታነቡ ሌሎች የተለየ ሎኮሞቲቭ ካላችሁ የሎድ ሬጉሌተሩን ዝርዝር በቀጥታ አትውሰዱት። አልኮ በተባለው አምራች በአብዛኞቹ ሎኮሞቲቮች ላይ ሞተሩ ባለ አራት ምትና ባለ ቱርቦ ነው። ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ የሚወጣ ጥቁር ጭስ የተፈጥሮ ነው። ብዙዎቹም ፊልዱን የሚሰጡት አምፕሊዳይን በተባለ ልዩ የማጉያ ጀነሬተር ነው። አራቱን ንባቦች መውሰድ ግን ለሁሉም ይሠራል።

ለእናንተ የምመክረው ቅደም ተከተል ቁርጥ ያለ ነው። መጀመሪያ የትራክሽን ሞተሮቹን ኮሙቴተር እዩ። ከዚያ የየእርከኑን ዙር ለኩ፣ ሎድ ሬጉሌተሩን ከጫፍ ጫፍ ሞክሩ፣ ኮንታክቶቹን አጽዱ። የናፍጣና የአየር ፊልትሮዎችን ቀይሩ። ከዚያ ሎድ ቦክስ ላይ አውጡት። ገቨርነሩ ላይ በዚህ ደረጃ የሚፈቀደው ዘይቱን መቀየር ብቻ ነው። የራሱ ዘይት አለው፣ ሲያረጅም ዙሩ ይዋዥቃል። በመመሪያው የተጻፈውን ዘይት አድርጉ፣ መጠኑንም ሞተሩ እየሠራ በመስታወቱ ላይ አስተካክሉ። ይህ ሁሉ አልፎ ሎድ ሬጉሌተሩ ጤነኛ ሆኖ፣ ሶሌኖይዶቹ ትክክለኛ ቮልት እያገኙ፣ የራኩ ትስስር ሳይላላ፣ ክንዱ አሁንም ራኩን ካልተከተለ፣ ያን ጊዜ ገቨርነሩን አውርዱና የመዘገባችሁትን ሠንጠረዥ ከእሱ ጋር ወደ ወርክሾፑ ላኩት። ማስተካከያዎቹን እነሱ ይንኩ፣ እናንተ ባለበት ላኩላቸው።